እጅህን ታጠብ የተባለ ልጅ

በ2012 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስልክ የደወለ ሰው ያስታውሰዋል። ከተለመደው የጥሪ ድምፅ ይልቅ ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቅ መልእክት ነበር የሚሰማው። ታጠቡ፣ ተራራቁ፣ ተጠንቀቁ። ብዙዎቻችን መልእክቱ እስኪያልቅ ስልኩን ከጆሯችን አርቀን እንጠብቅ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን መልእክቱን ለመስማት ብሎ ይደውላል። ወደ እኔ ይደውላል፣ ሳነሳ ይዘጋዋል፣ ደግሞ ይደውላል። በስልክ የሚጫወት ነበር የሚመስለው። እሱ ግን የታጠበው በትክክል እንደተባለው መሆኑን እያረጋገጠ ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሁን አሥራ አምስት ሊሞላው ነው። ኮሮና ለሌላው ሰው አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነቱ አብቅቷል ብሏል። እህቴ ቤት ግን በዚያ ዘመን የገቡ ሕጎች ገና አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ስለ እነሱ ልጽፍ ነው። እህቴም ልጁም ፈቅደውልኛል። ልጁ "ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ" ብሏል።

እስቲ የነበረውን እናስታውስ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተነገረ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ። ያቺ 15 ቀን እስከ ጥቅምት 2013 ተጎተተች። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ታክሲ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ መጫን ጀመረ። ጣልያን ውስጥ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቆልፎበት ነበር፤ እኛ ጋ እንደዚያ አልነበረም። ገበያው ነበረ፣ አባወራው ወጥቶ ይገባ ነበር። የተቆለፈባቸው ልጆቹ ናቸው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፣ ልብስ የሞላበት በረንዳ፣ ታች ባዶ ሜዳ፣ እና "እንዳትወርዱ!"

ልጁ ድሮም ጥንቁቅ ነበር። ጫማዎቹን በመስመር ይደረድራል፣ ማታ በሩ መቆለፉን ደጋግሞ ይጠይቃል። ማንም እንደ በሽታ አላየውም፣ እንደ በሽታ የሚታይበት ምክንያትም አልነበረም። ልጅ አንዳንዴ እንደዚያ ነው። ከዚያ ግን ቴሌቪዥኑ፣ ስልኩ፣ የባንኩ በር፣ የቀበሌው ሞንታርቦ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ በእጅህ ላይ የማይታይ ነገር አለ፣ አያትህን ሊገድል ይችላል፣ ታጠብ አሉት። ይህ ሐሳብ እኮ ቀድሞም ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረ ነው። አሁን የጤና ሚኒስቴር ማኅተም ተመታበት።

ከሁሉም የሚከነክነኝ ደግሞ ምስጋናው ነው። በዚያ ሰሞን ልጁ ጎበዝ ተባለ። ጎረቤት ልጆቿን ስትቆጣ "እሱን አታዩትም?" ትል ነበር። ልጆች ሳሙና አስነኩኝ እያሉ እናቶቻቸውን ሲያስለቅሱ እሱ ሳይነገረው ይታጠባል፣ የበር እጀታ በክርኑ ይከፍታል፣ ከሱቅ የመጣውን ላስቲክ በበረኪና ካልወለወልን አይበላም። በሽታ ከመልካም ጠባይ ጋር አንድ ልብስ ሲለብስ ማን ይለየዋል? ትምህርት ቤት ክፍት ቢሆን መምህሯ ታየው ነበር፤ ሽንት ቤት ሄዶ ግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚቀር ልጅ ይታወቃል። ቤት ውስጥ ግን ሁላችንም የምንታጠብ ስለሆንን የሱ መታጠብ ጠፋ።

መጀመሪያ ያጋለጠው ውሃው ነው። እህቴ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት፣ ያውም አራተኛ ፎቅ ድረስ ጉልበት ካለው። በርሜልና ጀሪካን ሞልቶ ሳምንቱን ማብቃቃት ነው። ልጁ አንድ ጀሪካን በአንድ ከሰዓት መጨረስ ጀመረ። ጀሪካኑ ሲያልቅ ከታች ካልመጣ ብሎ ያለቅሳል፤ እናቱ ቦቴ ካቆመበት ትቀዳለች፣ ትከፍላለች፣ ደረጃውን ተሸክማ ትወጣለች። የእጁ ጀርባ ተሰነጣጥቆ ደም ሲል ቫዝሊን ስትቀባው፣ ቫዝሊኑ ቆሻሻ ይይዛል ብሎ ያጥበዋል።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። "ማሚ፣ ነክቼዋለሁ እንዴ?" "አልነካኸውም።" "እርግጠኛ ነሽ?" "አዎ።" "ማይልኝ።" እና ማለች። አንድ ቀን ቤታቸው ተቀምጬ ሰማኋት፤ ወጥ እያማሰለች፣ ስልክ እያወራች፣ ፊቷን ሳታዞር "አልነካኸውም፣ እግዚአብሔርን" ትላለች። ልጁ አምስት ደቂቃ ይረጋጋል። ከዚያ እንደ አዲስ።

በጥቅምት 2013 ትምህርት ቤቶች በየደረጃው ሲከፈቱ ሁሉም እፎይ አለ። በፈረቃ ቢሆንም፣ በማስክ ቢሆንም። ለእሱ ግን ዋናው መከራ የጀመረው ያኔ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተደረደሩት የእጅ መታጠቢያዎች ብዙም ሳይቆዩ ውሃ አልነበራቸውም። ልጁ ጠዋት ከወጣ ሽንቱን ቋጥሮ ይውላል። ምሳ ዕቃውን እንዳለ ይመልሳል። ቤት ሲደርስ በር ላይ ልብሱን አውልቆ ነው የሚገባው፤ እናቱም፣ አባቱም፣ ትንሿ እህቱም እንዲሁ። ሥርዓት ሆነ። እንግዳ መምጣት ቀረ፤ የሚመጣ ሰው በር ላይ ልብሱን አያወልቅማ።

ያን ጊዜ ስለ ልጆች ጭንቅላት የሚያወራ ሰው አልነበረም። ጥቅምት 24 ጦርነቱ ተጀመረ። ኮሮናውም ከዜና ተገፋ። ሌላው ዓለም ስለ ተዘጋው ዓመትና ስለ ልጆች ሲከራከር፣ እኛ ጋ ልጁ የተረፈለት ወላጅ ተመስገን ብሎ ዝም አለ። ሰሜን ውስጥ ያሉ ልጆች ያዩትን ካሰብኩ በኋላ ስለ ሳሙና መጻፍ ራሱ ያሳፍረኛል። ግን ልጅ ለልጅ አይወዳደርም። የዚህኛው ስቃይ በዚያኛው አይቀልም።

ሐኪም ጋ የደረሰው በ2014 ነው። ከዚያ በፊት ጸበል ነበር፣ መሆንም ያለበት ነው፤ እማዬ፣ አያቱ፣ ይዛው ሄዳለች። ሌላ ሰው የተጠመቀበት ቦታ አልቆምም ብሎ አልቅሶ ተመለሰ። አባቱ ደግሞ "አሞላቀቅሽው፣ አንድ ቀን በጥፊ ብትይው ይተወው ነበር" የሚል ነው። ጓደኛዬ፣ ሙስሊም ናት፣ ስነግራት ወዲያው ገባት። "ወስዋስ ነው፣ አጎቴ ውዱእ ሲያደርግ ሶላት ያልፈዋል" አለች፤ ወስዋስ የሚሉት ልብ ውስጥ ደጋግሞ የሚጎተጉት ጥርጣሬ ነው፣ ውዱእ ደግሞ ከሶላት በፊት የሚደረግ መታጠብ። ከሁላችንም ቀድማ የደረሰችበት እሷ ናት።

ዶክተሯ ኦሲዲ አሉት። ነገሩ በቀላሉ እንዲህ ነው። ያልፈለጉት አስፈሪ ሐሳብ ይመጣል፤ ቆሽሻለሁ፣ እናቴን እገድላለሁ። ሐሳቡን ለማባረር አንድ ነገር ይደረጋል፤ መታጠብ፣ መቁጠር፣ መጠየቅ። ፍርሃቱ ለአፍታ ይበርዳል። ያ መብረድ ነው መርዙ፤ ጭንቅላት "መታጠቤ ነው ያዳነኝ" ብሎ ይማራል፣ በሚቀጥለው የበለጠ ይጠይቃል። ሕክምናውም ከዚህ ይነሳል። የታክሲውን በር ትነካለህ፣ አትታጠብም፣ ትቆያለህ። ፍርሃቱ ይወጣል ይወጣል፣ ከዚያ ሳትታጠብም ራሱ ይወርዳል። ከዚህ ጋር ፍሎክሰቲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ የመንግሥት ፋርማሲ ሲያጣው ከውጭ ይገዛል።

አሁን አስቡት። የሕክምናው መሠረት "ንካ፣ አትታጠብ" ነው። የሀገሩ መመሪያ "አትንካ፣ ታጠብ" ነበር።

በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደስ የሚል ነገር አላቸው፣ የማያስደስትም። ዴንማርክና ቱርክ ውስጥ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ኦሲዲ ያለባቸው ልጆች ሲጠየቁ የብዙዎቹ ምልክት ብሶ ነበር። እስራኤል ውስጥ ግን ቀድሞ ሕክምና ላይ የነበሩ ልጆች ሲታዩ አብዛኞቹ አልባሰባቸውም። ይህ ሁለተኛው ነው ያንገበገበኝ። ወረርሽኙ በራሱ ዕጣ አልነበረም ማለት ነው፤ ቀድሞ ሕክምና የጀመረ ልጅ ቆሞ ያሳለፈው ነገር ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሊታይ የሚችልበት ቦታም ጠበበ። የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ የነበረው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮሮና ማዕከል ሆነ። መሆን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ አልጋ ያስፈልግ ነበር። ግን ያ አልጋ ከሰው ላይ ነው የተነሳው።

እንዲያውም ለአንዳንድ ልጅ መዘጋቱ ዕረፍት ነበር። ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ በእረፍት ሰዓት የሚደበደብ ልጅ፣ ከሰባት ወር በላይ ሰላም አገኘ። ለእሱ ጣጣው መመለሱ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እናቶች ሌላ ታሪክ አላቸው። የነሱ ልጅ ቀኑ በሥርዓት ካልሄደ ይታወካል፤ ጠዋት ሰርቪስ፣ ከዚያ ማዕከል፣ ከዚያ ቤት። ማዕከሎቹ ሲዘጉ ልጁ ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ይቆማል፤ ኮሮና ብሎ ማን ያስረዳዋል? አዲስ አበባ ውስጥ ለነዚህ እናቶች መጀመሪያ በር የከፈተችው ዘሚ የኑስ ነበረች፤ በ1994 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋመች፣ ራሷም የኦቲዝም ልጅ እናት። በ2013፣ ወረርሽኙ ሳያበቃ፣ አረፈች። እነዚያ እናቶች "እኔ ብሞት ማን ያየዋል?" የሚለውን ጥያቄ ያን ዓመት ምን ያህል ጊዜ እንዳነሱት መገመት አይከብድም።

ወደ እኛ ቤት ልመለስ።

የማይታረም የሚመስለኝ አንድ ነገር አለ። በ2013 የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የተበከለ ዕቃ በአንድ ጊዜ ንክኪ የማስያዝ ዕድሉ ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞላም አለ። ማለትም ያ ሁሉ ላስቲክ መወልወል፣ ያ ሁሉ ብር ላይ አልኮል መርጨት፣ ያን ያህል አልነበረም። ይህን ማን ሰማ? ማስጠንቀቂያው በእያንዳንዱ ስልክ ጥሪ ገባ። ማስተካከያው አንድ ዜና ሆኖ አለፈ። አዋቂ ሰው ስለሰለቸው ተወው እንጂ ተነግሮት አይደለም የተወው። የማይሰለች ጭንቅላት ያለው ልጅ ግን የመጨረሻውን መመሪያ ይዞ ቀረ። ለልጁ ይህን የነገረችው ዶክተሯ ናት፤ እሱም ቀና ብሎ "ታዲያ ለምን አልደወሉም?" አላት።

ለእህቴ ደግሞ የከበደው የራሷ ድርሻ ነው። ዶክተሯ ለልጁ ከሰጡት ይልቅ ለእሷ የሰጡት የቤት ሥራ ይበልጣል። በር ላይ ልብስ ማውለቅ ይቀራል፤ መጀመሪያ የአባት፣ ከዚያ የእህት፣ ከዚያ የእናት። ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ይቀራል፤ ያለው ውሃ ያለው ነው። መማል ይቀራል። "ነክቼዋለሁ?" ሲላት "ይህን የሚጠይቀው ጭንቀትህ ነው፤ እንደምትችለው አውቃለሁ" ብላ ዝም ትላለች። ይህ አካሄድ ከሌላ ቦታም የተፈተነ ነው። ዬል ዩኒቨርሲቲ ያሉት ኤሊ ሌቦዊትዝ ጭንቀት ያለባቸውን 124 ልጆች ይዘው ባደረጉት ጥናት፣ ወላጆቻቸው ብቻ የሠለጠኑላቸው ልጆች፣ ራሳቸው ሕክምና ካገኙት ባልተናነሰ ተሻሽለዋል። ልጁ ሐኪም ፊት ሳይቀርብ ማለት ነው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እንደ ብርቅ በሚታይበት ሀገር ይህ ትልቅ ዜና ይመስለኛል።

ሲነገር ግን ቀላል ነው። ልጅሽ ፊትሽ ላይ እየተንቀጠቀጠ "ማሚ በሞቴ" ሲል ዝም ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያደረገው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ ጮኸ። እማዬ ልጅ ላይ የሚጨክን ሐኪም ምን ዓይነት ነው ብላ ከእህቴ ጋር ተኮራረፈች። አባቱ፣ የሚገርመው፣ ከሁሉም ቀደመ። ጥፊ ይሻላል ያለው ሰው፣ የሚሠራ ነገር ሲሰጠው ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር የታክሲ በር እጀታ ሲነካ ይውል ጀመር። ፉክክር አደረገው። ሁሉም ሰው የራሱ መግቢያ አለው መሰለኝ።

እህቴ በበኩሏ ያጣችውን እንኳ ቆጥራ አታውቅም። ማኅበርተኞቿን ቤቷ መጥራት ስላልቻለች ከማኅበሩ ወጣች። ዕቁቡን ተወች፤ የውሃና የመድኃኒት ወጪ በላው። ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ስለማይገባ እኩለ ቀን ላይ ቤት ታደርሰዋለች፣ ትመልሰዋለች፤ አለቃዋ ለጥቂት ጊዜ ታገሳት፣ ከዚያ አልታገሳትም፣ በ2014 ለቀቀች። የደም ግፊቷም ያኔ ነው የታወቀው። ሆስፒታሉ ውስጥ ካርዱ የልጁ ነው፤ ራስ ምታቷን ስትናገር ለራስሽ ሌላ ካርድ አውጪ ተባለች። ሌላ ካርድ ማለት ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰልፍ፣ ልጁን የሚይዝ ሌላ ሰው ማለት ነው። ወሰደችው፣ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ።

በግንቦት 2017 ኤምፖክስ፣ ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረው በሽታ፣ ሞያሌ ላይ ተገኘ ሲባል ሁላችንም እህቴን ነው ያሰብናት። እጅ ታጠቡ የሚለው ማስታወቂያ ተመልሶ መጣ። ልጁ ሁለት ቀን አልተኛም፣ ሳሙናውም ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። አሁን ግን ቤቱ አንድ ወረቀት ነበረው፤ ከዶክተሯ ጋር አስቀድመው የጻፉት። ከሽንት ቤት ሲወጣ፣ ከምግብ በፊት፣ ከውጭ ሲገባ፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ፣ ሃያ ሰከንድ፣ ከዚያ ፎጣ። ከዚያ ውጭ የለም። ወረቀቱን ራሱ መታጠቢያው ላይ ለጠፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ከመባባሱ በፊት ወደ ነበረበት ተመለሰ። ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ቢያነቡ፣ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚበቃም ጻፉልን። "ደጋግማችሁ ታጠቡ" ለአንዳንድ ልጅ ማብቂያ የሌለው ትእዛዝ ነው።

አሁን የት ነው? ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ይጠቀማል፤ እየተናደደም ቢሆን። ለፋሲካ ከአንድ መሶብ በላን፣ የእሱ ጥግ የተለየ ነው፣ ማንም አይነካበትም። ጉርሻ እንቢ ይላል፤ እማዬም ልምዷ ስለሆነ ትዘረጋለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሷ ራሷ ትበላዋለች። በሁለቱ መካከል ቀልድ ሆኗል። ትንሿ እህቱ ደግሞ በር ላይ ጫማ ብቻ ማውለቅ ስትጀምር ግራ ገብቷት ነበር፤ ሰው ቤት ሲገባ ልብስ እንደማያወልቅ አታውቅማ፤ ኮሮና ሲገባ ሁለት ዓመቷ ነበር።

እህቴ ሥራ እየፈለገች ነው። ሲቪዋን አብረን አስተካከልን፤ ከ2014 በኋላ ያለው ባዶ ነው፣ ምን ብለን እንሙላው ብለን ስንከራከር አመሸን። "የቤተሰብ ጉዳይ" ብለን ተውነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ድርጅት ጠርቷት ነበር። ስለ ክፍተቱ ሲጠይቋት ልጄ ታሞብኝ ነው አለች። አሁንስ ዳነ አሏት። ይሻለዋል፣ ግን የረቡዕ ከሰዓት ክትትል አለው፣ እሱን ቀን ብትፈቅዱልኝ ሌላውን ሰዓት አካክሳለሁ አለች። እንደውልልሻለን አሏት።